መብራት ሲሄድ ማን ለማን ይሰጣል?



ነገሬን ከኤሌክትሮኒክስ ጠረጴዛ ሳይሆን ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ልጀምር። ጀነሬተር በአግባቡ የተገጠመለት ሕንፃ ሁሉ ቼንጅ ኦቨር የሚባል ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። እጀታው ወደ አንድ ወገን ሲዞር ሕንፃው ከከተማው መስመር ይመገባል፤ ወደ ሌላው ሲዞር ከጀነሬተሩ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚያገናኝ ቦታ ግን የለውም፤ ታስቦበት ነው እንዲህ የተሠራው። ለምን ይመስላችኋል? ብዙ ሰው «ሁለቱ እንዳይጋጩ ነው» ይላል። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው። የከፋው አደጋ የሚመጣው ሁለቱ አብረው ሲኖሩ ሳይሆን አንዱ ሲሄድ ነው።

የከተማው መብራት ጠፍቷል እንበል። የመስመር ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ወጥቷል፤ ሽቦው የሞተ ነው ብሎ ያምናል። በዚያችው ሰዓት አንድ ሰው ጀነሬተሩን ያለ ቼንጅ ኦቨር ከቤቱ ሶኬት ጋር አገናኝቶ አስነሥቷል። ኃይሉ ቤቱን አዳርሶ አይቆምም፤ በቆጣሪው በኩል ወደ ኋላ ይወጣል። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ደግሞ የመጣበትን አቅጣጫ ሳይጠይቅ ወደ ሺዎች ቮልት ያሳድገዋል። ሠራተኛው የሚሞተው በጠፋ መብራት ነው።

እኔ ዛሬ የማወራው ስለ 5 ቮልት ነው። ማይክሮኮንትሮለር ስላለባቸው፣ በዩኤስቢ ኬብል ከኮምፒውተር ጋር ስለሚገናኙና ከዚያ ውጭ ሌላ የራሳቸው ምንጭ ስላላቸው ትንንሽ ቦርዶች። 5 ቮልት ሰው አይገድልም፤ ጥያቄው ግን የምድር ቤቱ ጥያቄ ነው። ምንጩ ሲሄድ አፉ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ በዚያ አፍ ምን ይገባል?

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ያገራችን ሰው። መብራት በየጊዜው ለሚሄድብን ለእኛ ምክሩ ልክ ነው። አዳፕተር ይኑር፣ ባትሪም ይኑር፣ ፓወር ባንክም ይኑር። ነገር ግን እንጨት ሲሰበር ወድቆ ይቀራል፤ የኤሌክትሪክ ምንጭ ሲሰበር እንደተተከለ ይቆይና ከጤነኛው መጠጣት ይጀምራል። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህች ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ዩኤስቢ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ በዚህ ጉዳይ ላይ ምንም ብዥታ አልተወም። ኮምፒውተር ይሰጣል፣ መሣሪያ ይቀበላል። በዩኤስቢ 2.0 ሕግ መሣሪያ ገና ሲሰካ የሚፈቀድለት 100 ሚሊ አምፔር ነው፤ ራሱን አስተዋውቆ ከተፈቀደለት በኋላ 500 ሚሊ አምፔር ይደርሳል፤ በዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 900። ኮምፒውተሩ ሲተኛ መሣሪያው እስከ 2.5 ሚሊ አምፔር ድረስ ራሱን ዝቅ ማድረግ አለበት። ኮምፒውተሩ የሚሰጠው «5 ቮልት» ራሱ ድፍን 5 አይደለም፤ በዩኤስቢ 2.0 ከ4.75 እስከ 5.25 ድረስ ሊዋዥቅ ይችላል። ከሁሉም በላይ መሣሪያው ወደ ኮምፒውተሩ ኃይል መመለስ የለበትም። የብቃት ፈተናው ወደ ኋላ የሚመለሰው ቮልቴጅ ከ0.4 እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ በመጨረሻ እመለስባታለሁ።

ይህን ሕግ በንባብ ሳይሆን በኪሳራ ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት አርዱዊኖ ኡኖ ላይ የሚሠራ መቆጣጠሪያ እየሠራሁ ነበር። የቦርዱ ሬጉሌተር ጋለብኝ። 12 ቮልት ተቀብሎ 5 የሚሰጥ ሬጉሌተር 200 ሚሊ አምፔር ሲያሳልፍ 1.4 ዋት ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ጣት አያስነካም። እንግዲህ ጥሩ የ5 ቮልት አዳፕተር ካለኝ ሬጉሌተሩን ለምን አላልፈውም ብዬ አዳፕተሩን በቀጥታ «5 ቮልት» በተባለው ፒን ላይ አስገባሁ። ሠራ። ሬጉሌተሩም በረደ። ማታ ላፕቶፑን አጥፍቼ ሄድኩ፤ ኬብሉን አልነቀልኩም። ጠዋት ስመጣ ላፕቶፑ ጠፍቶ ሳለ ከጎኑ የተሰካው ማውዝ ቀይ መብራት በርቷል። ቆሜ አየሁት። ላፕቶፑን ባስነሣው በዚያ ወገን ያሉት የዩኤስቢ ቀዳዳዎች መልስ አልሰጡም፤ ከዚያም በኋላ አልሰጡም።

ያ ማውዝ ሌሊቱን ሙሉ ሲመገብ የነበረው ከእኔ አዳፕተር ነው። ለመሆኑ በየት በኩል?

ኡኖ ላይ ጥበቃ አለ። ጥበቃው የታሰበበት ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ። በዩኤስቢው 5 ቮልትና በቦርዱ 5 ቮልት መካከል አንድ ሞስፌት፣ ማለትም በቮልቴጅ የሚከፈትና የሚዘጋ ትራንዚስተር ተቀምጧል፤ እሱ በሩ ነው። በረኛው ደግሞ አንድ ማነጻጸሪያ ቺፕ ነው። በረኛው ከክቡ የአዳፕተር ሶኬት የሚመጣውን ቮልቴጅ በሁለት እኩል ሬዚስተሮች ለሁለት ይከፍልና ከ3.3 ቮልት ጋር ያስተያያል። ግማሹ ከ3.3 ከበለጠ፣ ማለትም የመጣው ከ6.6 ቮልት በላይ ከሆነ፣ «እውነተኛ የውጭ ምንጭ መጥቷል» ይልና የዩኤስቢውን በር ይዘጋል። ካልበለጠ በሩን ክፍት ይተዋል። ትንሽ፣ ርካሽና ያማረ ሥራ ነው።

ግን በረኛው የሚጠብቀው አንድ መግቢያ ብቻ ነው። እኔ የገባሁት በሌላኛው ነው። በ5 ቮልት ፒን ስገባ ክቡ ሶኬት ባዶ ነው፤ ስለዚህ በረኛው የውጭ ምንጭ የለም ብሎ በሩን ክፍት አደረገው። ክፍት የሆነ ሞስፌት ደግሞ አቅጣጫ አይመርጥም፤ ከዩኤስቢ ወደ ቦርድ እንደሚያሳልፈው ሁሉ ከቦርድ ወደ ዩኤስቢም ያሳልፋል። በመንገዱ ላይ የቀረው 500 ሚሊ አምፔር የሚችለው፣ ሲበርድ ራሱን የሚመልሰው ፊውዝ ብቻ ነበር፤ እሱም ኃይሉን ይገድበዋል እንጂ አቅጣጫውን አይከለክልም። ጥፋቱ የቦርዱ አልነበረም። እኔ የአራት መንገድ ካርታ ሳልሥል አንዱን መንገድ ብቻ አይቼ ነው የነዳሁት።

ያን ካርታ አሁን አብረን እንሣለው። ወረቀት አውጥታችሁ አራት ሳጥን ሥሩ። አንደኛው ሳጥን ሁለቱም ምንጭ የሌለበት፤ ሁለተኛው ዩኤስቢ ብቻ ያለበት፤ ሦስተኛው የውጭ ምንጭ ብቻ ያለበት፤ አራተኛው ሁለቱም ያሉበት። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ሕያው ከሆነው ምንጭ ፖዘቲቭ ተነሡና በቀይ እስክሪብቶ የሚከለክል ነገር እስኪያጋጥማችሁ ድረስ ሂዱ። ቀዩ መስመር የሞተውን ምንጭ አፍ ከነካ ሰርኪታችሁ ቀዳዳ አለው።

ብዙ ሰው አራተኛውን ሳጥን ብቻ ይፈራል። መፈራትም አለበት። አንዱ «5 ቮልት» 5.15፣ ሌላው 4.95 ከሆነ፣ የሚያገናኛቸውም ሽቦ 0.1 ኦም ቢሆን፣ ዝቅ ያለው የመቀበል መንገድ ካለው እስከ 2 አምፔር ሊፈስበት ይችላል። እኔ ግን ሦስተኛውን ሳጥን አስቀድሙ እላለሁ፤ እሱንም ለሁለት ክፈሉት። ኬብሉ ተነቅሎ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ኬብሉ እንደተሰካ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ የሚለው ሌላ ነው። የእኔን ቀዳዳዎች የገደላቸው ይህ ሁለተኛው ግማሽ ነው። ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ የገደለውም እሱ ነው።

ሁለተኛው ሳጥንም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ዩኤስቢ ብቻ ሲኖር የቦርዱ 5 ቮልት በሬጉሌተሩ ውስጥ ወደ ኋላ ያልፍና መግቢያው ላይ 4 ቮልት ከምናምን ያሳያል። ከክቡ ሶኬት አጠገብ ይህን የሚያግድ ዳዮድ አለ፤ «ቪ ኢን» የሚባለው ፒን ግን ከዳዮዱ ወዲህ ነው ያለው። እዚያ ላይ የሞተር ድራይቨር ካሰራችሁ ሞተሩ ከላፕቶፓችሁ ሊጠጣ ይሞክራል።

ለዚህ ሁሉ የታወቀው መድኃኒት ዳዮድ ነው። ከእያንዳንዱ ምንጭ በኋላ አንድ አንድ ዳዮድ አድርጉ፤ መውጫቸውን ግጠሙ። ከፍ ያለው ይሰጣል፣ ዝቅ ያለው ያርፋል፣ ማንም ወደ ማንም አይመልስም። ሾትኪ የሚባለውን ዓይነት የምንመርጠው የሚበላው ቮልቴጅ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ተራው 0.7 ቮልት ገደማ ሲወስድ ሾትኪ 0.3 ወይም 0.4 ይወስዳል። አርዱዊኖ ናኖ ላይ ከዩኤስቢው በኋላ ያለው ይኸው ነው። ሥራውን በታማኝነት ይሠራል። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ ዋጋውንም አንዳንዴ የሚከፍለው ያልጠበቃችሁት አካል ነው።

የጫጩት መፈልፈያ የሠራችሁ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የዶሮ እንቁላል 37.5 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ለ21 ቀን። አንድ ናኖ፣ አንድ ኤልኤም35 የሙቀት መለኪያ፣ በሪሌይ የሚበራ የሚያሞቅ አምፖል። ኤልኤም35 ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ሚሊ ቮልት ይሰጣል፤ በ37.5 ዲግሪ 375 ሚሊ ቮልት ማለት ነው። ናኖው ይህን የሚለካው ከራሱ 5 ቮልት ጋር በማነጻጸር ነው፤ 5 ቮልቱን 1024 ቦታ ከፍሎ ስንተኛው ላይ እንደሆነ ይቆጥራል። በአዳፕተር ሲሠራ ሬጉሌተሩ ድፍን 5.0 ይሰጠዋልና ቁጥሩ 76 ይሆናል፤ 37 ዲግሪ ብሎ ያነባል፤ ደህና ነው።

መብራት ሄደ። አምፖሉን የመኪና ባትሪ ተረከበው፤ ናኖውን ደግሞ በዩኤስቢ ፓወር ባንክ ላይ ሰካችሁት። አሁን ኃይሉ በሾትኪው በኩል ያልፋልና ቦርዱ የሚያገኘው 4.6 ቮልት ነው። መለኪያው ያው 375 ሚሊ ቮልት ይሰጣል፤ ናኖው ግን ያጠረ ሜትር ይዞ ነው የሚለካው፤ 83 ይቆጥራል። ፕሮግራማችሁ 5.0 ነው ብሎ ስላመነ 40.5 ዲግሪ ብሎ ይተረጉመዋል። «ሞቀ» ብሎ አምፖሉን ያጠፋል፤ ሳጥኑ እስኪበርድ፣ እሱ ራሱ 37.5 ብሎ እስኪያነብ ይጠብቃል። ያኔ እንቁላሎቹ ያሉት 34.5 ዲግሪ ላይ ነው። ስክሪኑ ሌሊቱን ሙሉ 37.5 ይላል። በ21ኛው ቀን እንቁላሉ ሳይፈለፈል ሲቀር ባለቤቱ ዶሮውን ይረግማል፣ እንቁላሉን ይረግማል፤ አንዲት ዳዮድ ግን ማንም አይጠረጥርም።

ይህ በጣም ይቆረቁረኛል፤ ምክንያቱም ምንም አልተቃጠለም፤ ጭስ የለም፣ ሽታ የለም። ማስተካከያውም አንድ መስመር ኮድ ነው። በናኖው ቺፕ ውስጥ ከአቅርቦቱ ጋር የማይዋዥቅ 1.1 ቮልት ማነጻጸሪያ አለ፤ መለኪያውን ከእሱ ጋር አስተያዩ። ያኔ 375 ሚሊ ቮልት 349 ይቆጠራል፤ ምንጩ ማንም ይሁን ማን አይለወጥም። እንዲያውም የንባቡ ጥራት ይጨምራል፤ አንዷ ቁጥር የዲግሪ አሥረኛ ገደማ ትሆናለች። 1.1 የተባለው ከቺፕ ወደ ቺፕ ትንሽ ስለሚለያይ አንድ ጊዜ በመልቲሜትር ለክታችሁ እውነተኛውን ቁጥር ጻፉ።

የዳዮዱን ዋጋ መክፈል የማይፈልግ ሞስፌት ይጠቀማል። ራዝበሪ ፓይ ፒኮ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 የወጣው፣ ለዚህ ይመቻል። ከዩኤስቢው ወደ ውስጥ ሾትኪ አለው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሬጉሌተር ከ1.8 እስከ 5.5 ቮልት የመጣለትን ሁሉ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ 3.3 ያደርገዋልና የዳዮዱ 0.4 አይጎዳውም። ባትሪያችሁን በሞስፌት በኩል ታስገባላችሁ፤ የሞስፌቱን ጌት፣ ማለትም መቆጣጠሪያ እግሩን፣ በዩኤስቢው 5 ቮልት ላይ ታስራላችሁ። ዩኤስቢ ሲመጣ ባትሪው ይቆረጣል፤ ሲሄድ ይመለሳል። የጤፍ ቅንጣት የምታህል ቼንጅ ኦቨር ናት። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ሞስፌት በውስጡ የራሱ ዳዮድ አለው፤ በለመድነው አቅጣጫ ከበየድነው ያ ዳዮድ የዩኤስቢውን ኃይል ያለ ምንም ቁጥጥር ወደ ባትሪው ይለቀዋል። ሊቲየም ባትሪ ከሆነ ይህ የእሳት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ተገልብጦ ነው የሚበየደው፤ ከመበየዳችሁ በፊት የውስጡ ዳዮድ ወዴት እንደሚያይ ሥላችሁ አረጋግጡ።

በቀዩ እስክሪብቶ ስትሥሉ የምትረሱት አንድ መንገድ አለ፤ የመልእክት ሽቦው። ሰዎች ኃይል በኃይል ሽቦ ብቻ የሚሄድ ይመስላቸዋል። ኮምፒውተርን ከቦርድ የሚያገናኘውን ትንሿን የሲሪያል ኮንቨርተር ውሰዱ። መላኪያ ፒኗ ሥራ ፈት በሆነበት ጊዜ ሁሉ ከፍ ብሎ፣ 3.3 ወይም 5 ቮልት ላይ ነው የሚቆየው፤ ዝምታዋ ቮልቴጅ ነው። ቦርዳችሁ ኃይሉ ጠፍቶ ሳለ ይህ ሽቦ ከተሰካ ኃይሉ በቺፑ ፒን ይገባና ቺፑን ከብልጭታ ሊጠብቁት በተቀመጡት ጥቃቅን ዳዮዶች አልፎ ወደ አቅርቦቱ ይወጣል። ያጠፋችሁት ቦርድ በፈዘዘ መብራት ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ። ተማሪዎች ይህን «ጂኒ ገባበት» ይሉታል። «ሪሴት አድርጌው፣ አጥፍቼ አብርቼው እንኳ አልነሣም አለኝ» የሚለው ስሞታም አንዳንድ ጊዜ ከዚሁ የሚመጣ ነው፤ አጠፋሁት ያለው ሰው በእውነት አላጠፋውም። የራሱ ምንጭ ላለው ቦርድ የኮንቨርተሯን 5 ቮልት ሽቦ አትስኩ፤ ግራውንዱን ግን ሁልጊዜ ስኩ፤ በመልእክት ሽቦው ላይም 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አስገቡ። መልእክቱ በተለመደው ፍጥነት ያልፋል፤ ሰርጎ ገቡ ኃይል ግን ይታነቃል።

ስለ ዩኤስቢ ሲ ባጭሩ ልበል፤ ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋልና። እዚያ ሰጪው እስኪጠየቅ ድረስ 5 ቮልቱን አያወጣም፤ የሚጠየቀውም ተቀባዩ ላይ ባሉ ሁለት የ5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የመጀመሪያው ራዝበሪ ፓይ 4 ሁለቱን በአንድ ሬዚስተር ስላጣመራቸው በአንዳንድ ኬብሎች ኃይል አላገኘም ነበር። ሬዚስተር ለመቆጠብ አትሞክሩ፤ ሁለት ያስፈልጋል ከተባለ ሁለት አድርጉ።

አሁን የምለውን ቀስ ብዬ ልናገረው። እስካሁን ያወራሁት ዕቃ ስለሚያበላሽ ነገር ነው፤ ይህ ግን ሰው ይገድላል። አንዳንድ ርካሽ የኃይል ቦርዶች ትራንስፎርመር የላቸውም፤ 220 ቮልቱን በካፓሲተርና በሬዚስተር አንቀው 5 ቮልት ያወጣሉ። መልቲሜትር በሁለቱ ጫፎች መካከል 5 ቮልት ብቻ ያሳያችኋል፤ ሁለቱም ጫፎች ግን ከመሬት አንጻር በ220 ቮልት ላይ የሚንሳፈፉ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ቦርድ ላይ ዩኤስቢ ስትሰኩ የቦርዱ ግራውንድ የላፕቶፑ ግራውንድ ይሆናል፤ የላፕቶፑ ብረት ሁሉ ሕያው ይሆናል። «ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅዬ በባትሪው እሠራለሁ» ብትሉም አይጠቅምም፤ ላፕቶፑ ይተርፍ ይሆናል፤ ኬብሉን የያዘው እጅ ግን አይተርፍም። ፕሮግራሙን የምትጭኑት ቦርዱን ከግድግዳው ነቅላችሁ ነው። በሥራ ላይ ሳለ ማየት ግድ ከሆነ በብርሃን ወይም በማግኔት የሚያስተላልፍ የዩኤስቢ አይሶሌተር በመካከል አድርጉ፤ አለዚያ መልእክቱን ያለ ሽቦ ላኩ። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

እንግዲህ ወደ ጠረጴዛው። ያልኳችሁን 0.4 ቮልት በዓይናችን እንየው። ዳቦ ቦርዱ ላይ ከባትሪ የሚመጣ 5 ቮልት አለ፤ ከእሱ ወደ ዩኤስቢ ኬብሉ ቀይ ሽቦ የሚወስደውን መንገድ አንድ ሾትኪ ዘግቶታል። የኬብሉ ሌላ ጫፍ የትም አልተሰካም። መልቲሜትሩን በጫፉ ላይ አሳርፉት። ወደ 5 ቮልት የሚጠጋ ያነባል፤ አትደንግጡ፣ ዳዮዱ አልተቃጠለም። ሾትኪ ትንሽ ያፈስሳል፤ መልቲሜትሩ ደግሞ በጣም ጥቂት ስለሚጠጣ ያቺን ነጠብጣብ እንደ ወንዝ ነው የሚያየው። አሁን 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በጫፉ ላይ ጨምሩ። ወረደ፤ ከ0.4 በታች ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ አልፏል።

መፈልፈያ ሳጥን ውስጥ ወይም ፀሐይ ላይ በተቀመጠ የብረት ካዝና ውስጥ ግን እንዲህ አይበርድም። እስቲ ከፊት ያለሽው፣ መበየጃውን አንሺልኝ። ሳትነኪው ወደ ዳዮዱ ብቻ አስጠጊው። ሌሎቻችሁ ስክሪኑን እያያችሁ፣ ቁጥሩ 0.4 ሲያልፍ ጮክ ብላችሁ ንገሩን።